ደመና ነው እንጂ

ከኋላዋ ነው የምቀመጠው፣ ሦስተኛው ወንበር፣ በስተግራ፤
ሽበቷን ቆጥሬ ጨርሻለሁ ከዝማሬው ጋራ።
ቦለታ መረብ ትጠግናለች ባሕሩ ሳይረጋ፤
ሲረጋ፣ ጨለማው ሲወርድ፣ ቀኑ ከሌት ሲጠጋ፣
ማለዳ የጸሎት ቤቱን ምድጃ ታነዳለች፣
አመዱን ዝቃ አውጥታ ደጁ ላይ ትበትናለች፤
የሽማግሎች እግር እንዳያዳልጠው።

እሑድ «አባታችን ሆይ» ሲባል ድምጿ ከኛው ጋር ነው፣
«መንግሥትህ ትምጣ» እስኪባል፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው።
«ፈቃድህ» ላይ ከንፈሯ ይገጥማል፤
ጥርሷ ሲፋጭ ከኔ ወንበር ይሰማል።
ስንጥቅ በረዶ እንደሚዘል ሰው ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ
«እንጀራችንን» ላይ ታርፋለች፣ ከወዲያኛው ጠርዝ ጋ።
ሰባኪው ፓቪያ ያውቃል። አይናገርም።
እኔ ግን ከማንም ይልቅ ነው የማውቀው፤
ያቺን መስመር ከአፏ ላይ እኔ ነኝ የነጠቅኩት ሰው።

ማሊክ ነበር የልጇ ስም፤ በቋንቋችን ማዕበል ማለት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ስድስት ውሻ፣ አባቱ የተወለት
አንድ የበረዶ ጋሪ።
እኔ በረዶ አዋቂ ነኝ፤ አርባ ዓመት በጦር እየወጋሁ
ከድምፁ ውፍረቱን፣ ከቀለሙ ዕድሜውን እያወቅሁ።
ያን ዕለት ከደጄ ቆሞ «ይሸከማል ወይ?» ሲለኝ
ቢላዬን እየሳልኩ ነበር፤ ቀና ማለት ሰለቸኝ።
«ይሸከማል» አልኩት።
አንዲት ቃል። ዓይኔን ከመሳያው ድንጋይ ሳላነሳ።

ሁለት ውሻ ተመለሰ፣ ማሰሪያውን በጥሶ፣
ጠጉሩ እንደ መስታወት እየተንኳኳ፣ ግግር ለብሶ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ የትም አይደርስም፤
የተወረወረ ጠጠር ነው፣ በረዶ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይሰምጥም።
እግዜርን አልከሰስኩትም። ለመክሰስ ንጹሕ እጅ ያሻል፤
የኔ እጅ የዓሣ ደም፣ የኔ እጅ ቢላ ይሸታል።

በኛ በግሪንላንድ ዳርቻ ስድስት ሳምንት ፀሐይ የለችም፤
አድማሱ ይቀላል እንጂ እርሷ ቀና አትልም።
በጥር፣ ልትወጣ በሚባልበት በዚያች አንዲት ቀን፣
ከማዶ ካለው ኮረብታ፣ ወሽመጡን ተሻግረን፣
እንቀበላታለን፤ ልጆች የወረቀት ዘውድ ጭነው።

ዘንድሮ ከሰው ሁሉ ቀርቼ ወሽመጡ ጋ ስደርስ
ቆማለች። ብቻዋን። ሻሏ እስከ ዓይኗ ድረስ።
ሁለት ዓመት ያላነጋገረችኝ ሴት ዞራ አየችኝ።
«ይሸከማል?» አለችኝ።

አርባ ዓመት ያነበብኩት በረዶ ፊደሉ ጠፋብኝ፤
«አላውቅም» አልኩ፤ ቃሉ እንደ አጥንት ጉሮሮዬን እየወጋኝ።
«እኔም አላውቅም» አለች፤
እጇንም ዘረጋች።
ጓንቷ የማሊክ ነበር፣ አውራ ጣቱ ላይ የተጣፈ።
እግሯን አስቀደመች። በረዶው አቃሰተ፤ አቃስቶም አሳለፈ።

ኮረብታው ላይ ፀሐይ የለችም። ደመናው እንደ በር
ተዘግቷል፤ ልጆቹ ዘውድ ጭነዋል፣ የሚታይ ሳይኖር።
«አልመጣችም!» አለ አንዱ፣ ሊያለቅስ ጥቂት ቀረው፤
ፓቪያ ሰዓቱን አይቶ ጎንበስ ብሎ መለሰው፦
«ወጥታለች ልጄ። ደመና ነው እንጂ።»

ቦለታ አልዘመረችም። አላለቀሰችም። ግን
ያ የዓሣ ሆድ የመሰለው ግራጫ ብርሃን
ለአፍታ ወደ ቀይ ሲያደላ
ያየሁት በጓንቷ ላይ ነው።

እሑድ ደረሰ። «መንግሥትህ ትምጣ» አልን።
ፓቪያ ቆመ። ሁላችንም ቆምን።
ምድጃው ተንጣጣ። አንድ ሕፃን አስነጠሰ።

«ፈቃድህ» አለች ቦለታ።

«ትሁን» አልተባለም። እዚያው ላይ ቆመች፤
አንድ እግሯን ብቻ በረዶው ላይ አኖረች።
ማንም አላጣደፋት። ሌላው እግር ገና ነው።
ከበታች ያለው ክንድ ግን ክብደቷን ያውቀዋል፤
እኛም ጠበቅን፤ እርሱም ይጠብቃል።