ሳይተነፍስ

ቹቡት አምባ ላይ፣ ነፋስ በማያርፍበት፣
ከሣሩ ይልቅ ጠጠር በሚበዛበት፣
የአባቴ ፎርድ አለ፣ ሰባ አራት ሞዴል፤
ግማሽ ጎኑ ቀለም፣ ግማሽ ጎኑ አመድ የሚመስል።

ጠዋት ደህና ይነሳል፤ እንደ ቀፎ ያጉረመርማል፤
ሜዳውን ያለ ነቀፋ ሦስት ኪሎሜትር ይሮጣል።
ዳገቱን ሲጀምር ግን፣ የበግ ፀጉር ተጭኖ፣
ሁለቴ ያስለውና ይቀራል በቁሙ በድኖ።
ሩብ ሰዓት ቆይተው ቁልፉን ሲያዞሩት ይነሳል፣
ምንም እንዳልሠራ ልጅ ዐይን ዐይን ያያል።

አባቴ ሲርያኮ ምንም አልተነፈሰ፤
ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ እጁን በሱሪው አበሰ።
«ፓምፕ ነው» አለ ከተማ ያለው ዕቃ ሻጭ፣ ሳያየው፤
ሳይነካ ያወቀ ሐኪም መድኃኒት ሊሸጥ ነው።

እኔ በጤና ኬላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ደረት ሳዳምጥ ኖሬ፣ አውቃለሁ ሰዎች ምን እንደሚሉ፦
«እዚህ ነው» ይላሉ፤ ሕመሙ ግን ሌላ ቦታ ነው።
ቅዳሜ መፍቻ ይዤ ሥሩ ገባሁ፤ ጀርባዬን ጠጠር ወጋው።

ካንዴላው እሳት ይተፋል፤ ፊልትሮው ዝገት የለበት፤
የካርቡራተሩን ሆድ ከፈትኩ፤ ተንሳፋፊዋ አልተጣበቀችበት።
የፓምፑን ቱቦ ነቅዬ አፉን ጠርሙስ ላይ ደገንኩ፤
«አዙረው!» አልኩት፤ አዞረ፤ ምቱን በጣቴ ቆጠርኩ።
ጭው፣ ጭው፣ ጭው፤ ሙሉ፣ ወፍራም፤
ይህ የጎረምሳ ልብ ነው፤ ይህ ልብ አልደከመም።

ቆይቶ ገባኝ ስሕተቴ፦ የተኛውን መርምሬ፣
ዳገት ላይ የሚታመመውን ጓሮ አሥሬ!

በማግስቱ ጫንን፤ ጠርሙሴን በጉልበቴ መሐል ይዤ።
እዚያው ድንጋይ ጋ አሳለው። እዚያው ሞተ።
ዘልዬ ቱቦውን ነቀልኩ። «አዙር!»
አንድ ማንኪያ አረፋ፤ ከዚያ ደረቅ ሲቃ።
ሰልባትዮው ግማሽ ድረስ ሙሉ ነው፤ ሲነቀንቁት ይንቦጫረቃል፤
እያለው የማይሰጥ ሆኗል።

ያን ጊዜ ነው ክዳኑን ያየሁት።

ባለፈው ሰኔ፣ በብርዱ፣ አሥራ ሁለት ሊትር ጎድሎ አድሮ፣
አባቴ አንድ ስም ጠራ፦ «ባልዶሜሮ!»
ማስረጃ የለም፤ ጎረቤት ነው፤ መሐላቸው ሽቦ ብቻ፤
ሰላምታው ቀረ፤ በምትኩ ቁልፍ ያለው ክዳን መጣ፣ ከነመክፈቻ።
ሽታው እንኳ ለሌባ እንዳይደርስ ብሎ፣
ትንሿን ቀዳዳ በቀለጠ እርሳስ ደፈናት፣ ተደላድሎ።
ክረምቱን ሸክም አልነበረም። ሜዳ ብቻ። ማን ያውቃል?

መክፈቻውን ከአንገቱ ክር ፈትቶ ሰጠኝ። ግማሽ ዙር —
ሽሽሽሽ።
ወደ ውጭ አይደለም፤ ወደ ውስጥ። ጠላቂ ከባሕር እንደወጣ፤
ከመቀመጫው ጀርባ ቆርቆሮው «ዷ!» ብሎ፣ የገባ ሆዱ ቦታው መጣ።

ነገሩ ይህን ያህል ነው፦ አየር ያልሳበ አይሰጥም።
ፓምፑ ይጎትታል፣ ቆርቆሮው ይጨማደዳል፣ ጠብ አይልም።

የበግ ክትባት መርፌ፣ ወፍራሙን፣ ከመሳቢያው አወጣሁ፤
በድንጋይ መታሁት፤ እርሳሱን በሳሁ።
ተነሳ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ወጣው።
አባቴ ሳቀ። ከሰኔ ወዲህ ያላየሁትን ጥርስ አየሁ።

ባልዶሜሮ አልነበረም።
ያን ሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች፣ የኬላው መኪና ደርቆ፤
በጎማ ቱቦ፣ በአፌ ስቤ ቀዳሁት፤
እስኪነጋ ምላሴ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።
ልጁ ዛሬ አራት ወሩ ነው፤ መገላበጥ ጀምሯል።
አራት ወር፣ እኔ አልተነፈስኩም።

«አባዬ» አልኩ፣ ኩርባው ላይ።
ከዚያ ተነፈስኩ።

አላየኝም። ማርሽ ቀነሰ።
የባልዶሜሮ አጥር ጋ ስንደርስ ፍሬን ያዘ፤
አልወረደም፤ ሞተሩንም አላጠፋ።
ነፋሱ መኪናዋን ከነጭነቷ ያወዛውዛታል፤
ከጭስ ማውጫዋ የቤቱ በር ድረስ ሰማያዊ ክር ይሄዳል፤
እኛ ቁጭ፣ ቤንዚን እያቃጠልን።