የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ

ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል፤
ዘጠኙን መዝገብ ጭኖ ወደ ከተማ ይወስዳል።
ዛሬ ማታ ግን ቁልፉ በእጄ ነው፤
የያላንጉርን ዕድሜ እስኪ ገልጬ ልየው።

ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ አዳራሽ የላቸው፣
የመጠጥ ቤት ጓዳ፣ በርሜል ወንበራቸው።
ሊቀመንበር ሆነ ኢኖክ ትሬምባት፣
ከኮርንዎል የመጣ ቆርቆሮ ቆፋሪ፣ በአያት በአባት።
የመጀመሪያው ውሳኔ፦ ቀለም ይገዛ።
ሁለተኛው፦ ቀለሙ ይቆለፍበት።
ሦስተኛው፦ መንገድ።
አራተኛው፦ መንገድ።
ከዚያ ወዲያ መቶ ሃያ ዓመት
ጭቃ፣ ድልድይ፣ ጠጠር፣ እንደገና መንገድ።

ሁለተኛው መዝገብ የጥንቸል ነው፤
ሣሩን ጨርሳ ስንዴውን ስትጀምር
ምክር ቤቱ ዋጋ ቆረጠ፤
ለጥንድ ጆሮ ሁለት ፔኒ።
ልጆች በጆንያ ያመጣሉ፣
ጸሐፊው ቆጥሮ ከጓሮ ይደፋዋል።
ዊልፍሬድ ኮክስሄድ በጓሮ ዞረና
ያንኑ ጆሮ መልሶ ሸጠ፤
በሠላሳ ዓመቱ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተመረጠ።

በአራተኛው መዝገብ የወንዙ ድልድይ
ተጀምሮ ሳያልቅ አራት ዓመት ዘገየ፤
አናጢው ፈረንሳይ ዘምቶ ዳግም ስላልታየ።
በእሳቱ ዓመት ገጽ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፦
"ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም።"
ማን እንደ ጎደለ አይልም።

ከዚያ መብራት ገባ። ባቡር ቀረ።
ትምህርት ቤቱም ቀረ።
ግብሩ ብቻ ሳይቀር ተከፈለ።

ዘጠነኛው ላይ እጄ ይከብደኛል፤
ከዚህ ወዲህ ያለው የእኔ ታይፕ ነው።

ዝናብ ያልነበረበት የካቲት፣ ማክሰኞ፣
ሁሉም "አክስት ኢልማ" የሚሏት ሴት ገባች፤
ከአጥሩ በፊት፣ ከበጉ በፊት
ወገኖቿ በወንዙ መታጠፊያ የኖሩ።
ኮፍያዋን አላወለቀችም። ቁጭ በይ ያላትም የለም።
"ማኅተም ላይ ያስቀረጻችሁት ቃል ግማሽ ነው" አለች።
"ቀያሹ የአያቴን አባት ጠየቀው፤
ገና ሳይጨርስለት ፈረሱን አዞረ፤
ግማሹ ደብተሩ ላይ፣ ግማሹ እኛ አፍ ውስጥ ቀረ።"
ቀጥላም ቀሪውን ነገረችን፤
ቀስ አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ፣
መስማት ለሚቸግረው ሰው እንደሚነገር።

ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ።
"ተመዝግቧል። ቀጣይ አጀንዳ?"
ቀጣዩ የቆሻሻ መጣያ ነበር።

ገጹ ይኸው፦ "ኢልማ ስለ ስሙ ተናግራለች። ተመዝግቧል።"
ምን እንዳለች የለም።
ቃሉን ሰምቼዋለሁ፤ ጣቶቼ መምቻው ላይ ነበሩ፤
አንድ "ተመዝግቧል" በቂ መስሎኝ ዝም አልኩ።
አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ዛሬ ብፈልገው
ጫፉ ምላሴ ላይ ይመጣና ይመለሳል፤
አንዲት "ዋ"፣ ወይም "ዉ"፤ ከዚያ ነፋስ።

ባለፈው ክረምት ከላይ ደብዳቤ ወረደ፤
መቶ ሃያ ዓመት ወረዳ የነበረው፣ ባንድ ፊርማ ወረደ።
አራቱ ተዋህደው አንድ ይሁኑ ተባለ፤
የአዲሱ ስም "ሰሜን ሜዳ" ነው፤
ማንንም የማያስቀይም፣ የትም ሊሆን የሚችል ስም።
ክላይቭ ግሬደሩን አጠበው፣
በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፤
ቢጫ መሆኑን ያን ቀን አወቅን።
በመጨረሻው ስብሰባ ሁለት ሰዎች
ስለ ሻይ ማፍያው ተጣሉ።
የመጨረሻው ውሳኔ፦ የመስኮት አጣቢው ዕዳ ይከፈል።
ደግፈው፣ እጅ አውጥተው፣ ወጡ።

ከዘጠነኛው ጀርባ አንድ ባዶ ገጽ አለ።
አክስት ኢልማ ካረፈች ቆይቷል፤
የልጅ ልጇ ግን ከወንዙ በላይ አለች፤
በመኪና ሦስት ሰዓት መንገድ፣
መንገዱንም የሠራነው እኛ ነን።
ብትነግረኝ እጽፋለሁ። እምቢ ካለችኝም
እምቢ ማለቷን እጽፋለሁ።

መብራቱን አጠፋሁ። ኮቴን ደረብኩ።
ነገ ጠዋት መኪናው ሲመጣ
ስምንት ይጭናል።