ሳል

በኅዳር መባቻ፣ ተቡርሱቅ ኮረብታ፣
ጤዛው ሳይረግፍ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ሸድሊያ ጣቶቿን ቀንድ ታለብሳለች፤
የፍየል ቀንድ ነው፣ ከእናቷ ወርሳለች፣
ጫፉ በዕድሜ ዶልዱሞ፣ ውስጡ ተቦርቡሮ፣
የጣቷን ልክ ያውቃል፣ ስንት ዘመን ኖሮ።
ቅርንጫፉን ስባ፣ ደረቷ ላይ ይዛ፣
እንደ ሴት ልጅ ጸጉር፣ በቅባት እንደወዛ፣
ታበጥረዋለች። ፍሬው ጠብ ጠብ ይላል፤
መረቡ ላይ ወርዶ እርስ በርስ ያወራል።

ልጇ ሙኽታር ግን ዱላ ይዞ መጣ፦
«እማ፣ ዋጋው ወርዷል፤ ጊዜሽ ከየት ይምጣ?
አንድ ዛፍ ስታበጥሪ ጀምበር ትጠልቃለች፤
ጥቂቷ ፍሬሽ ለአበል መቼ ትበቃለች?
ልውቃው በቃ፤ በሳምንት ማሳው ባዶ ይሆናል።»

እሷ ሳትቆጣ ቀንዷን አወለቀች፤
ከፍሬው ጎን ያለች ለጋ ቀንበጥ ነካች።
«ይህቺን ታያታለህ? የዘንድሮ አይደለችም፤
ዱላህ ዓይን የለው፣ ለይቶ አይምራትም።
ያንን ሲያወርድልህ ይህቺን ይሰብራል፤
ርካሽ የሸጠ ሰው ከከርሞ ይበደራል።»

ማታ መጭመቂያው ቤት ሞተር ያጓራል፤
የሰው ትንፋሽ፣ የዘይት ሽታ ተደባልቆ ያሰክራል።
ከግንቡ ሥር ደግሞ ጥቁር ውሃ ይወርዳል፤
ወንዙ ዳር ደርሶ ሸምበቆውን ያነዳል።
የዚህ ውሃ ዕዳ በየትኛው ደረሰኝ፣
በማን መዝገብ ሰፍሯል? እስቲ ያየ ይንገረኝ።

ገዢው ሙንሲፍ ይባላል። በእነሱ ቋንቋ
ሙንሲፍ ማለት ሚዛን የማያዛባ ማለት ነው፤
እናቱ ስም ስታወጣ ደግ ተመኝታ ነበር።

የሱ በርሜል ሁሉ ባሕር ይሻገራል፤
እዚያ ጠርሙስ ገብቶ ወርቅ ይከናነባል፤
የሌላ አገር ኮረብታ ተስሎበት ከፊቱ፣
የሸድሊያ መንደር ስሟም የለ በምልክቱ፤
እናት አባት ጠፍቶት፣ በማደጎ ያደገ፣
ከአሳዳጊው በቀር ስለሱ ማን ፈለገ?

ሙንሲፍ ብርጭቆውን በመዳፉ አሞቀ፣
አሸተተ፣ ፉት አለ፣ አየር ሳበ፣ ዋጠ፣ ተናነቀ።
አንዴ ሳለ።
መሐረቡን ፈለገ፤ ደግሞ ሳለ። ዓይኑ እንባ አዘለ።
«ተራ ነው» አለ ጠርጎ። «ጉሮሮ ይቧጥጣል፤
ሰው ጣፋጭ ይወዳል፤ ዋጋው ይቀነሳል።»
ዘይቱ መራራ፣
ሰውየው ግን አልራራ።

ሸድሊያ ሚዛኑ ላይ ክርኗን አስደግፋ፣
ሳቀች፣ ትከሻዋን አርገፍግፋ፦
«አፍህ ይደራደር፤ ጉሮሮህ ግን አያውቅም፤
የሞተ ዘይት፣ ልጄ፣ ሰው አያስልም።
ሁለቴ ነው የሳልከው፤ ቤቱ ሁሉ ቆጥሯል፤
አንዱ የእጄ ዋጋ፣ አንዱ የዛፌ ይሆናል፤
ለወንዙስ? አንዴ ሳል እንጂ፤ የእሱ ቀርቷል።»

ሰው ሳቀ። ሙንሲፍም፣ ሳይወድ፣ ትንሽ ሳቀ፤
«ዋጋው በስልክ ነው የሚመጣ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለና ስልኩን አየ።
መቶ ሚሊም ጨመረ። ከዚያ በላይ አልዘለቀ።

የዕዳዋን ያህል ሸጠች፣ ሃያ ሁለት ሊትር፤
«ሌላውስ?» ሲላት፣ «ሳልሸጥ ልደር።»

አንተ ሩቅ ያለህ፣ ጠርሙስ የምትከፍት፣
ካላሳለህ ጠይቅ፣ ማን እንደከሰረበት።

ሙኽታር ዱላውን ማገዶ አደረገው ብል ውሸት ነው፤
በሩ ጥግ ቆሟል፣ የከርሞን ዋጋ ጠባቂ ነው።
ግን ሊነጋጋ ሲል፣ ከአራቱ ቀንዶች አንዱ ጎደለ፤
ስትፈልግ ስትፈልግ፣ ልጇን በረቱ በር ላይ አየችው፣
ትንሿ ጣቱ ላይ እያጠለቀ፣ እያወለቀ፣
«ለእኔ ይጠባል» እያለ።