ቤት ያልመታ ሒሳብ

ደጀን፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከዓባይ አፋፍ ላይ፣
ጎማ ስለጥፍ ነው የምውል በፀሐይ።
ፍሬኑ የጨሰ፣ ጎማው የተላጠ፣
ሲኖትራክ ይቆማል፣ ከበረሃው ወጥቶ ነፍሱን እያማጠ።
በኮምፕረሰር ነፋስ ስሞላ የሰው ጎማ፣
የእኔው ኪስ ተንፍሷል፤ ማን አየ፣ ማን ሰማ።

አከራዬን ሲወልዷት "አትጠገብ" ብለው ስም አውጥተውላታል፤
ሰሙ ይህ ነው እንግዲህ፤ ወርቁ የገባው ተከራይ "አትጠግብ" ይላታል።
በመስከረም ሁለት ሺህ፣ በጥር ሌላ አራት መቶ፣
በሚያዝያ ደግሞ "የጣሪያና ግድግዳ ግብር ጨመረ" አለ ልጇ መጥቶ።
ጣሪያው የእሷ፣ ግድግዳው የእሷ፤
የእኔ ግብሩ ነው፣ ክረምት ሲገባም ፍሳሹ፣ ከነባልዲው ከነጣሳ።

የገቢዎች ልጆች መጡ፣ መዝገብ ይዘው፣
ቀን ገቢዬን ሊገምቱ፣ ከደጄ ላይ ድንጋይ ስበው።
አያድርስ ነው፤ ያን ቀን የሦስት ተሳቢ ጎማ ፈነዳ፣
የአንድ ቀን ሲሳይ በመዝገብ ሰፍሮ ሆነብኝ የዓመት ዕዳ።
ከዚያ ወዲያ በሁለት ሳምንት የመጣው አንድ ብስክሌት፣
የጎረቤት ልጅ ነበር፤ በነጻ ነፋሁለት።

ባንቺአምላክ የልጃችንን ደብተር ገለጠች፣ በስልኳ ብርሃን፣
መሐሉን አሰመረች፤ ወዲህ ደጀን፣ ወዲያ ጎሐ ጽዮን።
"ይህ መስመር ዓባይ ነው" አለች፣ በእርሳሷ እየነካች፤
"እዚያ ኪራይ እኩሌታ ነው አሉ" ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።
ክልሉ ሌላ፣ ማዘጋጃው ሌላ፣
ማኅተሙም ሌላ፤
ማጣትስ? እሱም ይኖረው ይሆን ተሻግሮ ሌላ?
ደመርን፣ ቀነስን፤ ውኃ በጄሪካን፣ መብራት፣ የአዲስ ፈቃድ ጣጣ፣
ወዲያ ማዶ በአርባ ብር ሚዛን ደፍቶ መጣ።
"ቋንቋውስ?" አልኋት።
"ጎማ ቋንቋ አለው?" አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት በአይሱዙ ጋቢና በረሃውን ወርጄ፣
አገኘሁት ኢተፋን፣ የማዶውን ጎሚስታ፤ ግራሶ የጠጣ እጁ ቁርጥ እንደ እጄ።
"ኪራይ እንዴት ነው?" ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ፤
"ደጀን ኪራይ እኩሌታ ነው አሉ፣ እውነት ነው?" አለኝ።
ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ፣ አራት የታጠፈ፣
መሐሉ የተሰመረ፣ ወዲህና ወዲያ የተጻፈ፤
ግራው ቀኝ ሆነ እንጂ የእኔው ደብተር ነው በሙሉ፤
የእነሱም ሚዛን በአርባ ብር ይደፋል፤ ደጀን ይሻላል አሉ።
ስንሳሳቅ አንድ ተሳቢ እያዘገመ መጣ፣
ጎማውን አብረን ፈታን፤ ብሩን እሱ ተቀበለ፣ ግብሩም የእሱ ጣጣ።

ማታ ስመለስ ቁልቁል አየሁት፣ ደፍርሶ ሲጓዝ፤
ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይሉታል፤ እሱስ ግንድ ብቻ ነው፣ የእኔ ስንት ጓዝ።
ባንቺአምላክ "እህሳ?" አለችኝ። ነገርኋት። ዝም አለች።
ገጹ ለልጁ የቤት ሥራ ይሁን ብላ መስመሩን በላጲስ ብትገፋ፣ ብትገፋ፣
ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ ዓባይ አልጠፋ።

ይህን የምጽፈው በዚያው ደብተር ጀርባ ነው፤ እስካሁን ስንኙ ቤት መታ፤
ለካ ለስንኝ ቀላል ነው፤ ኪራይ የለው፣ ቀብድ የለው፣ የገማች ቱማታ።
የመጨረሻዋን ቤት ላስመታ ስል
በሩ ተንኳኳ። አትጠገብ ናት።