ቲዎሪ ነው ባክህ

የምኖርበት መንደር ስሙ አልማ ይባላል፤
ለእነሱ ስም ብቻ ነው፣ ለእኔ ጆሮ ግን ሁለት ያወራል፤
ተኝታ፣ ሕልም አልማ?
ወይስ ዒላማዋን አልማ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና?
እዚህ ቃል በሰማሁ ቁጥር እጠይቃለሁና፦
የትኛው ማለም ነው?

ኒው ብራንዝዊክ፣ ፈንዲ ዳር። ሥራዬ ሎብስተር መመዘን።
ጠዋት ጀልባዎቹ ሆዳቸውን ገልጠው ጭቃ ላይ ይጋደማሉ፣ እንደ ሰካራም፣ ጎን ለጎን፤
ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ በዚያው ጭቃ ላይ፣ ባለ አራት ፎቅ ውሃ፣
ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ትናንት እንደገቡ ንስሐ።

ዌንደል ስቲቭስ፣ የሰማያዊዋ ጀልባ ጌታ፣ "ቲዎሪ አለኝ" ይላል፣
በየማክሰኞው።
ሰባት ወጥመድ ቢጎድለው "ቲዎሪ አለኝ" አለ፣ ወደ ጄራልድ ቤት በአገጩ እየጠቆመ፤
ክረምቱን ሙሉ የጄራልድን ሰላምታ እንዳልሰማ ሆኖ ከረመ።
በሚያዝያ ጀልባዋ ተጎትታ ደረቅ ላይ ስትወጣ
የገዛ ፕሮፔለሯ ላይ ገመድ ተጠምጥሞ ተገኘ፣ የሰባቱም ጣጣ።
"እንግዲህ ቲዎሪ ነበር" አለ፣ ጓንቱን እያወለቀ፤
ይቅርታ ከአፉ አልወጣም፤ አንድ ባልዲ ስካሎፕ ግን ወሰደ፣ በጨለማ፣ እየተሳቀቀ።

ይኸው ዌንደል ግን ከራስጌው የባሕሩን ሰሌዳ ሰቅሏል፤
በታኅሣሥ የታተመ፣ የነሐሴን ሙላትና ጉድለት እስከ ደቂቃው ይናገራል።
ጨረቃ ውሃን ትስባለች፤ ልጅ ልጁ በክፍሏ "ቲዎሪ" ብላ ያጠናችው፣
እሱ ጀልባውን፣ ዕዳውን፣ ነፍሱን ያስያዘበት፤
ብጠይቀው ተቆጣ፦
"ይሄማ ቲዎሪ አይደለም። ሰዓቱ ነው።"

እኛም ጋ ቃሉ አላረፈም።
መጽሐፉ "ንድፈ ሐሳብ" ይለዋል፤ ንድፍ ሲባል በእርሳስ የተጫረ፣
ነገ ላጲስ የሚጠብቀው፣ ያላለቀ፣ የተጀመረ፤
ሰፈሩ ደግሞ "ቲዎሪ" ሲል፣ ወረቀት ላይ አምሮ መሬት ላይ የከሸፈ።
ለግምቱ እኮ "መላምት" ነበረን፤ ማን መንገድ ላይ እንደጣለው እንጃ።

እሑድ ውብአንተ ከሞንክተን መጣ፣ አዲስ ነጭ ስኒከር አድርጎ።
ባሕሩ ሸሽቷል፤ ጭቃው እስከ አድማስ ተዘርግቷል።
ጫማውን ድንጋይ ላይ አኑሮ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ።
"ስምንት ሰዓት ላይ ያ ድንጋይ የለም" አልኩት።
"ቲዎሪ ነው ባክህ!"

ባሕሩ አልሮጠም፤ አልተከራከረም፤
በቦይ በቦዩ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ዘመድ፣ ሳያንኳኳ ገባ።
ስምንት ሰዓት። ድንጋዩ የለም።
ውብአንተ በካልሲ ነድቶ ሄደ።

ሰሌዳው ትዕቢተኛ አይደለም። ግርጌው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣
"ነፋስ ከበረታ እሳሳታለሁ" ይላል፣ በስንት ክንድ እንደሆነ ጭምር።
የዌንደል ቲዎሪ ግርጌ ኖሮት አያውቅም፤
"በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ውሸታም በሉኝ" ብሎ
ለጄራልድ ቀጠሮ አልሰጠም።
አንዱ ማለም ሲነቁ ይረሳል፤
ሌላው ቢስት የት እንደሚስት፣ ሳይተኩስ፣ ይነግርሃል።

ትናንት ውብአንተ ደወለ፤
ባሕሩ ጫማዬን ይመልስ ይሆን ወይ አለ።
"ቲዎሪ አለኝ" ልል ነበር፤ አፌን ያዝኩ።
"መላምት አለኝ" አልኩት።
"ምናልባት የግራውን።"