ክሌ ዲሴት

አባቴ ሮብሌ፣ ዝናብ ሲጥል የተወለደ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ሸማንደፈር አቴልዬ ወጣ ወረደ።
ሶማሊኛ ከእናቱ፣ ኦሮምኛ ከገበያ፣
አማርኛ ከሚስቱ ጋር፣ ለፍቅርም ለመኳረፊያ፤
ፈረንሳይኛ ግን ለብረት፦ ለቡሎን፣ ለፉርጎ፣ ለመዘውር፣
ሙሴ ጋስቶን እንዳስተማረው፣ በስድብና በቁጥር።

የመጽሐፉ ሙሴ ባሕር ከፈለ፣
የኛዎቹ ሙሴዎች ከተማ።
ከዚራን በማስመሪያ አሰመሯት፣ ዛፍ ተከሉላት፣
መጋላን፣ ከዳቻቱ ማዶ፣ እንዳሻሽ ሁኚ አሏት።

«ቅኝ አልተገዛንም» ይለን ነበር ጋሽ ምሩጽ፣ የታሪክ መምህር።
ልክ ነው።
የስድስት ሰዓቱ ፊሽካ ሳይጮህ ግን
ማን ደፍሮ ምሳ ያቀርብ ነበር?

ከዚያ ባቡሩ ቆመ። ሀዲዱ ላይ ፍየል ተኛ።
ቆይቶ አባቴም ተኛ።
ቋንቋዎቹ ወረዱ አንድ በአንድ፣ እንደ መንገደኛ፤
አንዱ ሽንሌ፣ አንዱ አዲጋላ፣ አንዱ አይሻ፤
ደወሌ ድረስ የዘለቀው ይቺ ነበረች የመጨረሻ፦
«ክሌ» ይላል። «ክሌ ዲሴት።» ደግሞ «ክሌ።»

እናቴ ጌጤነሽ ትራሱን አቀናች፣ ጎንበስ ብላ
«ክሌ ማናት?» አለችው።
መልስ የለም።
ሳምንቱን ሙሉ ሾርባውን በዝምታ አጎረሰችው፣
ትዳሯን እንደ አሮጌ ደረሰኝ እያገላበጠች፤
«ጅቡቲ ሲያድር ነው» አለች፣
«ስሟም የፈረንጅ ነው» አለች፣
ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በስምንተኛው ቀን አብዱሰመድ በያጁ ሊጠይቅ መጣ።
ሰማ። ሳቁ ከወንበሩ ሊጥለው ቃጣ።
«መፍቻ እኮ ነው ጌጤ! አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ!»
ወጣ፣ ተመለሰ፤
ከኪሱ አንድ ጥቁር ብረት መዘዘ፣
በነሱ ፊደል የተቀረጸ፣ ጫፉ የደነዘዘ።
መዳፉ ላይ ሲያኖርለት
ጣቶቹ አወቁት።
ግማሽ ዙር፣ ደግሞ ሩብ፤
እኛ የማናየውን አንድ ቡሎን አጠበቁት።

ከሞተ ስድስት ዓመቱ።
መፍቻው ቡፌ ውስጥ ነው፣ ከሠርጓ ብርጭቆዎች ጎን።
እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወለውላታለች፣
ዘይት ትቀባታለች፤
እንግዳ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ካላት፣
ቀና ሳትል
«ጣውንቴ ናት» ትላለች።