ሦስት ደቂቃ

ሊየፓያ ወደብ፣ የስንዴው ጎተራ፣
ጉንታርስ ዘብ ነው፣ የሌሊቱ ተራ።
ስድስት መስኮት ያያል፣ ስድስቱም ካሜራ፤
ሰባተኛው ግን የግሉ ነው፣ የራሱ አዝመራ፦
አረንጓዴ ሜዳ፣ ሃያ ሦስት ስም፣ የቁጥር ደመራ።

ሰባት ዓመት ሆነው ይህን ገበያ ሲያጠና።
እሑድ ማታ ርካሽ ነው፣ የተሸነፈ ሁሉ ተናዶ ይሸጣልና፤
ረቡዕ ይወደዳል፣ ሐሙስ አለ ሥልጠና።
ልጅ በአሥራ ሰባቱ ይገዛል፣ እግሩ ሳይጠና፣
በሃያ አንዱ ይሸጣል፣ ዋጋው ሳይበርድ ገና።
«ማርጀት ማለት፣» አለው አንድ ሌሊት ለአይቫርስ፣
«ሃያ ሰባት ነው። ከዚያ ወዲያ ዋጋ የበረዶ ክምር ነው፣ በየሳምንቱ ሲፈርስ።»
አይቫርስ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው።
ስኳር የሌለው ሻዩን ያማስል ነበር፣ ማንኪያው እስኪግል ድረስ።

በፊት መቶ ሺህ ማለት ትልቅ ገንዘብ ነበር፣
አጥቂ ይገዛል፣ በረኛ የሚያሸብር።
ዘንድሮ በዚያ የሚገኘው ተቀያሪ ነው፣ ያውም የሚሰበር።
ገንዘቡ ከየት መጣ? ከየትም። ማሽኑ ለሁሉም ይበትነዋል እንደ ዘር፤
ኳሷ ግን ያችው አንዲት ናት፣ ስትዞር።

በረኛው ዮግቫን ነው። ፋሮ ደሴት ተወለደ ይላል ወረቀቱ፤
ስም ያወጣለት ማሽን ነው፣ አይታወቁም እናት አባቱ።
ጉንታርስ የገዛው በመጀመሪያው ሌሊቱ፣
ከክሬን ሥራው በተባረረ በሳምንቱ።
ዛሬ ሠላሳ ስድስት ሞልቶታል፤ ከድቶታል ጉልበቱ፤
ደሞዙ ግን ያው ነው፣ እንደ ጥንቱ።

የማሰናበቻው ቁልፍ ቀይ ነው። ጣቱ ላዩ ላይ ይዋልላል።
ለጨረታ አወጣው፣ መነሻው አንድ ሣንቲም። «ለሽማግሌ ማን ይከፍላል?»
ለሒሳቡ «ሸጥኩት» ይለዋል፣ ለሆዱ «አልሸጥኩም» ይላል፤
ሁለቱንም ያባብላል።
ገበያ የወጣ ግን አይመለስም። ሕጉ እንዲያ ይላል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ጨረታው ሊዘጋ አርባ ሴኮንድ ሲቀር፣
አንዲት ሣንቲም ወደቀች፦ ኔሊዳ፣ ፓይሳንዱ፣ ከኡራጓይ አገር።
ወዲያው ሌላ፦ ሎክማን፣ ከኢፖህ፣ ከማሌዢያ፣ በአሥር።
በመጨረሻዋ ደቂቃ ዋጋ ከተነሳ ሦስት ደቂቃ ይጨመር
ይላል ሌላው ሕግ።

ጉንታርስ የሁለቱን ቡድን ገልጦ አየ፤ ገባው።
ዋንጫ አይደለም የሚያሯሩጣቸው፤ ባንዲራ ነው።
ከየአገሩ አንድ አንድ ሰው ሰብስበዋል፤ የሁለቱም ጎዶሎ አንድ ነው፦
ነጭ ጨርቅ፣ ቀይ መስቀል፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው።

ሺህ። ሦስት ደቂቃ።
ኔሊዳ መድኃኒት ቤቷን ዘግታ፣ መብራቱን አጥፍታ፣ ቆማ፣ ነቅታ ጠብቃ።
ስምንት ሺህ። ሦስት ደቂቃ።
እዚያ ኢፖህ ጠዋት ነው፤ ሎክማን ስልኩን ደብቋል፣ አለቃው እንዳያውቃ—
ሠላሳ ሺህ።
ሦስት ደቂቃ።
አራተኛው ካሜራ ላይ አንድ ከባድ መኪና መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል።
ማን ያየዋል?
መቶ አርባ ሺህ! ባለፈው ወር የሸጠው አጥቂ፣ ሃያ ሁለት ጎል ያገባው፣ ይህን አላወጣም።
አንድ ፈላጊ ምጽዋት ነው፣ ሁለት ሲሆን ገበያ፤ ዮግቫን አልተለወጠም።

ሎክማን ዝም አለ። ምናልባት አለቃው መጣ።
ሁለት መቶ አሥር ሺህ። ደላላው ማሽን አሥር ከመቶውን አነሣ፣
የቀረው ካዝና ገባ፤ በረኛው ወጣ።

መስኮቱ ተደበደበ፤ ሾፌሩ ጺሙ በረዶ ይዟል።
«ተኝተሃል እንዴ?»
«ገበያ ላይ ነበርኩ።»
«ምን ሸጥክ?»
ጉንታርስ የበሩን ቁልፍ ተጫነ። ብረቱ እየጮኸ ተነሣ።

እሑድ ያለ በረኛ ገባ፤ ስድስት ለባዶ።
አሁን በገንዘቡ ሦስት ልጆች ገዝቷል፣ ሦስቱም አሥራ ሰባት።
ግን ሌሊት ሌሊት፣ ከዙር ጥበቃ መልስ፣ የኔሊዳን ቡድን ገልጦ እስከ ታች ይወርዳል፤
መቶ ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ ነው። ሠላሳ ሰባት ሞላው።
ደሞዙ ይከፈለዋል።
ኳስ አይነካም።